ዐይን ሲያይ ልብ ሳያይ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር አንድ ቀን የአጎቴን መኪና ይዤ ከአብነት ወደ ልደታ እወርድ ነበር። ፈተና የደረሰበት ሰሞን ነበርና ልቤ ከመሪው ይልቅ ባልጨረስሁት ጥናት ላይ ነበረ። ከመርካቶ በኩል ጆንያ ተሸክሞ የሚሻገር አንድ ሰው «አንተ ልጅ! ዐይንህ የት ነው?» ብሎ ሲጮኽ ፍሬን ረገጥሁ። መኪናው ከሰውየው እግር አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

ዐይኔስ መንገዱ ላይ ነበር። ስልክ አልያዝሁም፤ መጠጥም አልቀመስሁም። የጠፋው ልቤ ነው። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» የሚለውን ምሳሌ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ጨዋታ እሰማው ነበር።

ነገሩ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ተመራማሪዎች በመኪና አደጋ ቆስለው ሆስፒታል የገቡ 955 ነጂዎችን ጠይቀው፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከነጂዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት አደጋው ሊደርስ ሲል ሐሳባቸው ሌላ ቦታ እንደ ነበረ ተናገሩ። ብርቱ ሐሳብ ይዟቸው የነበሩት፣ ለአደጋው ጥፋተኛ ከሆኑት መካከል ከመቶ 17፣ ጥፋተኛ ካልሆኑት መካከል ግን ከመቶ 9 ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ከእንግዲህ በሐሳብ አልነጉድም» ብሎ መማል ከንቱ ነው፤ ሐሳብ አስፈቅዶ አይሄድምና። በለመድነው መንገድ ላይ እጅና እግር ያለ ልብ ሥራቸውን ስለሚሠሩ፣ ልባችን መሸፈቱን የምናውቀው ከተመለሰ በኋላ ነው። በሥልጣናችን ሥር ያለው ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን 8 ሜትር ያህል ነው። ልብ ሁለት ሴኮንድ ቢጠፋ ልዩነቱ 11 ሜትር ይሆናል። ባለ ጆንያው የሚድነው ወይም የሚሞተው በዚያ 11 ሜትር ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በመኪና ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውንም አንርሳ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ ተማሪዎች ማሰብ ሥራችን ነው እንላለን። መልካም ነው፤ ነገር ግን የሐሳባችንን ዕዳ ሌላ ሰው በሕይወቱ ሊከፍልልን አይገባም። ስለዚህ መሪ የምትይዙ ሁሉ፣ በተለይ የምታውቁት መንገድ ላይ ስትደርሱ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርጉ።