ስለ ሞያ ምስክር ወረቀትና ስለ ጎረቤት አገሮች ኅብረት የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ጎረቤታሞች የሆኑ አገሮች ትምህርትንና የእጅ ሞያን በኅብረት ስለሚያስተምሩበት ነገር ነው። ከሩቅ ሲሰሙት የሚኒስትሮችና የአምባሳደሮች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ ከእናንተው ደጅ የተተከለ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደርሱው ባለ አንድ በሬ ከሆነው ጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ እንዲያርስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መቀናጆ የሚጸናው ግን ተራው በትክክል ሲጠበቅና የጎረቤት በሬ ኃይሉ የታወቀ ሲሆን ነው። ደካማ በሬ ደኅና ነው ተብሎ በተጠመደ ቀን ፈሩ ይጣመማል፤ ብርቱውም በሬ ይጎዳል።

ታላቅ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ሐኪምን ወይም መሐንዲስን የሚያወጣ ቤት ለማቆም ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቃውንት ያሻል፤ ተማሪዎቹ ግን በመጀመሪያ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በ1963 ዓ.ም. ለኬንያ፥ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ሕክምና በማኬሬሬ፥ ምሕንድስና በናይሮቢ፥ ሕግ በዳሬሰላም ይሰጥ ነበር። ሐኪም ለመሆን የፈለገ የታንጋኒካ ልጅ ወደ ኡጋንዳ፥ መሐንዲስ ለመሆን የፈለገ የኡጋንዳ ልጅ ወደ ናይሮቢ ይሻገር ነበር። ወረቀቱም የሦስቱ አገሮች ስለሆነ ተማሪው ወዳገሩ ሲመለስ «ይህን ማን ሰጠህ?» የሚለው አልነበረም።

ይህ መቀናጆ የቆየው 7 ዓመት ብቻ ነው። አዲስ ነጻነት ያገኙት መንግሥታት ብዙ የተማረ ሰው ባጭር ጊዜ ፈለጉ፤ በጎረቤት አገር የሚሰጣቸውም ቦታ ጥቂት ሆነባቸው። በ1967 የሕክምና ትምህርት ቤት በናይሮቢ ተከፈተ፤ በ1970 ደግሞ በማኬሬሬ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ቆመ። በዚያው ዓመት በጁላይ 1 ቀን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሆነ። እኔ ስለዚህ መንግሥታቱን አልወቅስም፤ ሕዝቡ በሽተኛውን ተሸክሞ ሐኪም ሲፈልግ፥ ቦታ እስኪገኝ ጠብቅ ማለት የሚቻል አይደለምና። ደግሞም እያንዳንዱ አገር የራሱን ሐኪም ማስተማሩ መልካም ነው። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም አንዱ ለሌላው ወረቀት ያለው እምነት ነው።

ያን እምነት መልሶ ለመገንባት ምን ያህል እንደ ደከሙ ተመልከቱ። በ1977 ሦስቱን አገሮች ያስተሳሰረው ማኅበር ራሱ ፈረሰ። በ1980 የዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ ተቋቋመ፤ በ1999 አዲሱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውል በአሩሻ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ የሒሳብ አዋቂዎችና የሕንጻ ነዳፊዎች በ2011፥ መሐንዲሶች በ2012 ባንዱ አገር የተሰጠው ፈቃድ በሌላው እንዲታወቅላቸው ውል ተደረገ። ሲታሰብ ከ1970 እስከዚህ ከ40 ዓመት በላይ ነው። እነዚህም ውሎች ለታላላቅ ሞያዎች የተደረጉ ናቸው፤ ግንበኛው፥ አናጢውና ብየዳ የሚሠራው ከቍጥራቸው አልገቡም።

አገራችን የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ሆኖም ከነገሩ ውጭ አይደለችም። የአፍሪካ አገሮች አንዱ የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እንዲቀበሉ የሚያደርገው የታደሰው ስምምነት የጸደቀው በ2014 በአዲስ አበባ ነው፤ በ2019ም በሥራ ላይ ዋለ። ለእጅ ሞያ ደግሞ በ2018 የዓለም ባንክ 293 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ኢትዮጵያ 7፥ ኬንያ 5፥ ታንዛንያ 4፥ በድምሩ 16 የሞያ ትምህርት ቤቶች ተመረጡ። አሳቡ ሁሉም ሁሉን እንዲያስተምር ሳይሆን እያንዳንዱ በአንድ ሞያ እንዲበረታና ለጎረቤቶቹ ተማሪዎች ደጁን እንዲከፍት ነው። በታንዛንያ ምዋንዛ ያለው የቆዳ ሥራ ያስተምራል። በኬንያ ያለው አንዱ ከምድር ውስጥ ከሚወጣው እንፋሎት ኤሌክትሪክ የማውጣትን ጥበብ ያስተምራል፤ ኬንያ በኦልካሪያ ይህን ሥራ የያዘችው ከ1981 ጀምሮ ነውና። እኛም በስምጥ ሸለቆ በአሉቶ ላንጋኖ እንዲሁ ያለ እንፋሎት አለን። እንግዲህ የዝዋይ ልጅ ሄዶ ቢማር የሚጠቅመው ለገዛ አገሩ ነው።

ነገር ግን ያ ልጅ ድንበር ተሻግሮ ወረቀቱን ሲዘረጋ ተቀባዩ የሚያምነው በምን ነው? በማኅተሙ ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ይህን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አባቱ የሞተበት አንድ ተማሪ ነበረኝ። በሒሳብ ያገኘው 38 ነበር። ሽማግሌዎች መጥተው «የሙት ልጅ ነው፤ እዘንለት» ብለው ለመኑኝ። እኔም አዘንሁለትና 52 ብዬ ጻፍሁ። ልጁ በከተማ ወዳለ የሞያ ትምህርት ቤት ገብቶ የብረት ሥራ ጀመረ፤ ብረቱን ለክተህ ከሦስት እኩል ክፈል ሲሉት ግን ማስላት አቃተው፤ በ4 ወር ተመለሰ። እናቱ ለመንገዱ የሸጠችው በግ በከንቱ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብን በእውነት የምታውቅ ሌላ ልጅ ወደዚያው ላክሁ። ሹሙ የትምህርት ቤታችንን ማኅተም አይቶ «ይህን እናውቀዋለን» አለና እንደገና እንድትፈተን አዘዘ። ፈተናውን አለፈች፤ ነገር ግን የፈተናው ቀን እስኪደርስ ሁለት ሳምንት በሰው ቤት ተቀምጣ ነው። ላንዱ ያደረግሁት ርኅራኄ በሌላይቱ ላይ ዕዳ ሆነ።

በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ጥበቃ በተሰጠ ጊዜ፥ ከ100 ተፈታኝ የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 4 እንኳ አልሞሉም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ፈተናውን ወቀሰ። እኔ ግን ከዚያ በፊት በየክፍሉ መዝገብ የተጻፈውን ነጥብ አሰብሁ፤ የራሴም 52 ትዝ አለኝ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ልጁ የሚችለውን እንጂ የምትመኙለትን አትጻፉ፤ ደካማ ከሆነ ነጥብ ከመጨመር ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ጨምሩለት። አባቶች ሆይ፥ እናንተም ለነጥብ አታማልዱ። ይልቁንስ ሌላ ሥራ አላችሁ፤ በየመንደራችሁ ከአባቱ ወይም ከጌታው ተምሮ ድንጋይ የሚጠርብ፥ በር የሚገጥም፥ ወረቀት ግን የሌለው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው በሞያው ተመዝኖ የብቃት ምስክር የሚያገኝበት ሥርዐት በአገራችን ስላለ፥ ስሙን ለመምህሩ ንገሩት፤ መምህሩም ማመልከቻውን ይጻፍለት።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። የክፍሉን መዝገብ ይዞ የመጣ መምህር ካለ ደግሞ ወደዚህ ይቅረብ፤ አብረን እናየዋለን።