የአየር ትንበያ ስሌትና የጊዜ እርምጃ ወሰን



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮምፒውተር የመጪዎቹን ቀናት አየር ሲያሰላ፣ በአንድ እርምጃ ስንት ሰከንድ ወደፊት ሊሄድ ይችላል? ትንበያ ከዝናቡ ቀድሞ ካልደረሰ ዋጋ ስለሌለው ጥያቄው ቀላል አይደለም።

እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለመካከለኛው አውሮፓ በእጁ የሠራውን ስሌት አቅርቧል። ውጤቱ በ6 ሰዓት የ145 ሄክቶፓስካል ግፊት ለውጥ ነበር፤ በዕለቱ ግን ግፊቱ እምብዛም አልተለወጠም። መነሻ የሆኑት የነፋስና የግፊት መረጃዎች ስላልተመጣጠኑ ፈጣን የስበት ሞገዶች ስሌቱን አጥለቀለቁት።

በ1928 ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ ሌላ ችግር አሳዩ። ቀጣዩን ዋጋ ከሚታወቀው ብቻ በሚያሰላ ዘዴ፣ ሞገዱ በአንድ እርምጃ የሚጓዘው ርቀት በሁለት የስሌት ነጥቦች መካከል ካለው ርቀት በእጅጉ ሊበልጥ አይገባም። ከበለጠ ስሕተቱ በየእርምጃው እየተባዛ ስሌቱን ያፈርሰዋል። ነጥቦቹ በ9 ኪሎ ሜትር ቢራራቁና ሞገዱ በሰከንድ 300 ሜትር ቢጓዝ፣ እርምጃው 30 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ የ10 ቀን ትንበያም 28,800 እርምጃ ይጠይቃል። ርቀቱን በግማሽ ብናሳንስ ነጥቦቹ 4 እጥፍ፣ እርምጃዎቹ 2 እጥፍ ስለሚሆኑ ሥራው 8 እጥፍ ይሆናል።

በ1950 ቻርኒ፣ ፊዮርቶፍትና ፎን ኖይማን ፈጣኖቹን ሞገዶች ከቀመሩ ራሱ አስወጥተው በኤኒያክ ኮምፒውተር ተነበዩ። ካናዳዊው አንድሬ ሮበርት ግን ሞገዶቹን ሳያስወጣ፣ እነርሱን የሚመለከተውን ክፍል ገና ከሚፈለገው የወደፊት ዋጋ ጋር አያይዞ የሚፈታ ዘዴ አስገባ፤ የአየሩንም ጉዞ ወደ ኋላ ተከትሎ፣ አየሩ ከመጣበት ሥፍራ ዋጋውን ወሰደ። በዚህ መንገድ የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል በ9 ኪሎ ሜትር ርቀት የ450 ሰከንድ እርምጃ ተጠቅሟል፤ 28,800ው እርምጃ ወደ 1,920 ወረደ ማለት ነው።

ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ፈጣኖቹ ሞገዶች በስሌቱ ውስጥ ከተፈጥሮ ፍጥነታቸው ይዘገያሉ፤ የአየሩ ጠቅላላ መጠንም በራሱ አይጠበቅም። ለሰፊ የአየር ሥርዓቶች ጉዳቱ ትንሽ ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በክረምት ከሰዓት በኋላ ለሚነሣው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ላለው የነጎድጓድ ደመና ግን 450 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የተረጋጋ ስሌት ሁሉ ትክክለኛ ስሌት እንዳይመስላችሁ። ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት የትኛው ሞገድ ቢዛባ የምትፈልጉት ዝናብ እንደማይጎዳ ጠይቁ።