ዘንገና ዳር በእግር
እሷ፦ የአዘና አድማጮቻችን፣ ወደ እንጅባራ ብቅ ስትሉ ዘንገና ሐይቅን ሳታዩ እንዳትመለሱ። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል።

እሱ፦ የእኔን ዓይን የሚይዘው ብሳናው ነው። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው መካከል ከሩቅ ይለያል።

እሷ፦ ጉሬዛስ? ጫካ ውስጥ ካጋጠማችሁ ግልገሉን ፈልጉ። ሲወለድ እንደ እናቱ ጥቁርና ነጭ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው! ቀለሙ የሚቀየረው ቆይቶ ነው።

እሱ፦ በአዊ መንገድ ዳር የሚበዛው ግን ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ። ከሰሉ ለገበሬው ገቢ ሆኗል፣ እሰየው። ቢሆንም እባካችሁ በየማሳው ጥግ ዋንዛ ይኑር።

እሷ፦ እውነትህን ነው፤ የዋንዛን ፍሬ ሰውም ወፍም ይበላዋል፣ አበባውን ደግሞ ንብ ትወደዋለች።