«ኳይት»፦ ስለ አንዲት የመጠን ገላጭ ቃል



የተሰበሰብንባት ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያንኛ መጠሪያ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶችን ያመለክት ነበር። ዛሬ ሰፈሩን ስንጠራ ይህን ፍቺ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የዛሬው ርእሴም ፍቺዋን በትክክል እናውቃለን የምንላት፣ ግን የምታሳስተን የእንግሊዝኛ ቃል ናት፦ «ኳይት»።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንዲት ትጉህ ተማሪዬ ወደ ብሪታንያ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍሁላት። ችሎታዋን «ኳይት ጉድ» አልሁት። በልቤ የነበረው «በጣም ጥሩ» ነው፤ በተማሪነቴ የሸመደድሁት ፍቺ ይኸው ነበርና። ዕድሉን አላገኘችም። ምክንያቱ ያች ቃል ናት ማለት አልችልም፤ አይደለችም ለማለትም አልደፍርም። ኋላ አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ ሐረጉን የሚረዳው «ደህና ነው፣ ክፉ አይባልም» ብሎ እንደ ሆነ ነገረኝ። አሜሪካዊ አንባቢ ቢሆን ወደ እኔ ሐሳብ በቀረበ ነበር።

ቃሏን የሚወስናት ተከትሏት የሚመጣው ቅጽል ነው። «ጥሩ»፣ «ሙቅ»፣ «ረጅም» የመሳሰሉት ደረጃ አላቸው፤ ከእነዚህ ጋር በብሪታንያ አነጋገር ብዙውን ጊዜ ታለዝባለች። «የማይቻል»፣ «ባዶ» ከመሳሰሉት ጋር ግን «ፈጽሞ» ማለት ናት። «ኳይት ዲፈረንት» ሲባልም «በመጠኑ የተለየ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ «ጨርሶ የተለየ» ነው። «ኳይት ኤ ፊው» ደግሞ «ጥቂት የማይባሉ» በሚለው አነጋገራችን ቁርጥ አቻ ያገኛል።

እኛም ተመሳሳይ ቃል አለን፦ «ደህና»። «ደህና ገንዘብ አገኘ» ስንል ብዙ ማለታችን ነው። ልጅ ስለ ፈተናው ተጠይቆ፣ ትከሻውን ሰብቆ «ደህና ነው» ሲል ግን ወላጆቹ ውጤቱን በሥጋት ይጠብቃሉ።

በዚሁ ሰፈር፣ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። እዚያ ከየአገሩ የመጣ እንግሊዝኛ ይነበባል፣ ይጻፋል። ከእናንተም በዚያ ወይም በመሰል ቦታ በትርጉም ሥራ የምትሰማሩ አትጠፉም። «ኳይት» ስትገጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጸሓፊው የየት አገር ሰው ነው? የሚከተላት ቅጽልስ ደረጃ አለው ወይስ የለውም?

ስለ ሰው ስትመሰክሩ ግን ቃሏን ተዉአት። እኔ ያን ደብዳቤ ዛሬ ብጽፈው ተማሪዬ የሠራችውን ሥራ ዘርዝሬ እጽፍ ነበር፤ ሥራዋ የመጠን ገላጭ አያሻውም ነበርና።