ድምፅ የሌለው ፊልምና የማሲንቆው ኀላፊነት

(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች በመጪው የክረምት ዕረፍት ወደ መካነ ኢየሱስ ይዘነው ልንሄድ ያሰብነው አንድ ፊልም አለ። ስሙ ኖስፌራቱ ይባላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በርሊን ላይ የታየ፣ ቃል የማይናገር የፍርሃት ፊልም ነው። በነጭ አቡጀዲ ላይ እናሳየዋለን፤ ከአቡጀዲው አጠገብ ደግሞ አንድ ባለ ማሲንቆና አንድ ባለ ዋሽንት ተቀምጠው ሥዕሉን እያዩ ይጫወቱለታል። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚሁ ጨዋታ ነው፤ በመካከላችን ክርክር አስነሥቷልና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስረዳ። ድምፅ የሌለው ፊልም ስንል ዝም ያለ አዳራሽ ማለታችን አይደለም። ፊልም የራሱን ድምፅ ሳያገኝ በፊት በትንሹ ሲኒማ ቤት አንድ ፒያኖ መቺ፣ በትልቁ ሲኒማ ቤት ሙሉ ኦርኬስትራ ይቀመጥ ነበር። በጃፓን አገር ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከመጋረጃው አጠገብ ሆኖ ነገሩን ለሕዝቡ ይተርክ ነበር። ኖስፌራቱም ሃንስ ኤርድማን የደረሰለት ሙዚቃ ነበረው። ያ ሙዚቃ ግን በሙሉ አልተረፈም። ፊልሙ ራሱም የተረፈው ለጥቂት ነው። ታሪኩ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ካሳተመው ድራኩላ ከተባለው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለ ነበረ፣ የደራሲው ባለቤት ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1925ም የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ ወሰነ። ዛሬ የምናየው ከጥፋት ካመለጡት ቅጂዎች የተገኘውን ነው። እንግዲህ ሙዚቃው ስላልተሟላ በየአገሩ ያለ ሙዚቀኛ የራሱን ያወጣለታል። ለእኛም ቢሆን በሩ ክፍት ነው።

ይህ ዐይነቱ ጥበብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አዝማሪ የሰውን ፊት እያየ፣ ያየውን ወዲያው ወደ ዜማ እየለወጠ የሚያድር ባለሙያ ነው። በጎረቤታችን በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ለቅሶ ቤትም አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሞቱ ምን ዐይነት ሞት እንደ ሆነ ለሰሚው ትገልጣለች። ስለዚህ የመካነ ኢየሱስ ተመልካች ዜማ ሲለወጥ የነገሩ ትርጉም እንደሚለወጥ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ሁተር የተባለ ወጣት ሠራተኛ፣ ክኖክ የሚባለው የቤት ደላላ ጌታው ልኮት፣ ለአንድ ባላባት ቤት ሊሸጥ ወደ ሩቅ ተራራ ይሄዳል። ባላባቱ ኦርሎክ፣ ሌሊት ሌሊት የሰው ደም የሚመጥ ፍጡር ነው። አፈር በሞላባቸው የሬሳ ሣጥኖች ከአይጦች ጋራ በመርከብ ተጭኖ ቪስቦርግ ከተባለችው ከተማ ይገባል፤ ወረርሽኝም ተከትሎት ይገባል። በጠባቡ መንገድ ላይ ሰዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው በሰልፍ ሲያልፉ ይታያል። ይህ ፊልም የታየው ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ፣ ይኸውም በእኛ አገር በ1911 ዓ.ም. የወረደው የኅዳር በሽታ፣ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል እያየ ያደገ ሰው ይህን ሰልፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። እዚህ ላይ ሙሾ ይሁን ብለን ሁላችንም ተስማምተናል።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። የተጨነቀው ሕዝብ የመከራውን ምንጭ አጥቶ ክኖክን ያሳድዳል። ክኖክ የኦርሎክ አገልጋይ ነውና ንጹሕ ሰው ነው አንልም፤ ከተማውን የሚፈጀው ግን እሱ አይደለም። ሕዝቡ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ በእርሻ መካከልም የቆመ የወፍ ማስፈራሪያ እሱ መስሎት ይቦጫጭቃል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «እዚህ ላይ ቀረርቶ ይሁን፤ አዳራሹ ይሞቃል» አሉ። እውነት ነው፤ ይሞቃል። ነገር ግን ቀረርቶ የሰማ ተመልካች ከሚያሳድዱት ጋራ አብሮ ይሮጣል እንጂ የሚሮጠውን ሰው አያይም።

ይህ በእኛ አገር ተራ የሙዚቃ ምርጫ አይደለም። በጎንደር ምድር ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ በተለይም ቤተ እስራኤልን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል» እያለ የሚያማ ሰው ብዙ ነበር፤ ሐሜቱም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰርበት ጎረቤት ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ነገሩ ቀላል ስላልነበረ ነው። ስለ ኖስፌራቱም ከባሕር ማዶ ተመራማሪዎች መካከል፣ አይጥና በሽታ ይዞ የሚገባው የዚህ እንግዳ መልክ በዚያ ዘመን በአውሮፓ አይሁድ ላይ ይነዛ ከነበረው የስም ማጥፋት ጋራ ይመሳሰላል ብለው የጻፉ አሉ። እንግዲህ ሌሊት ሰው የሚበላ እንግዳ የሚያሳይ ሥዕል ይዘን እስቴ ስንገባ፣ ከተመልካቹ መካከል አያቷ ቡዳ የተባሉባት ልጅ ተቀምጣ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባንም። ከአዳራሹ ስትወጣ ሰው ምን ብሎ ያያታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ማሲንቆውም ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ሕዝቡ ክኖክን ሲያሳድድ ማሲንቆው ቀስ ይበል፤ የወፍ ማስፈራሪያው ሲቦጫጨቅም ጨርሶ ዝም ይበል። ያን ጊዜ ሰው የገዛ እስትንፋሱን ይሰማል፤ ምን እያየ እንደ ሆነም ይጠይቃል። በመጨረሻ የሁተር ሚስት ኤለን ራሷን አሳልፋ ሰጥታ ኦርሎክን እስኪነጋ ስታቆየው፣ ዶሮውም ሲጮኽ፣ ዋሽንት ብቻውን ይግባ።

ስለ በገናም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የአውታሩ ንዝረት ያስፈራል፤ ለኦርሎክ ይስማማል ተባለ። እኛ አልተቀበልነውም። በገና ሰው በጾም ጊዜ ሞቱን እያሰበ ወደ ፈጣሪው የሚለምንበት መሣሪያ ነው፤ የደም መጣጭ መግቢያ ብናደርገው አገሬው ቢቀየመን ይገባናል። በቀድሞው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ቤቱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በዚያ ስም የሚስቁ ተማሪዎች አሉ። እኛ ግን ከመሳቅ ይልቅ፣ ሳያስረዱት እንግዳ ነገር ያቀረቡለት ሕዝብ ምን ሊል ይችላል ብለን ብናስብ ይሻላል እንላለን። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት አጭር መግለጫ ይሰጥ፤ በመካከሉ የሚመጣው የጀርመንኛ ጽሑፍም በአማርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሙዚቀኞቹም ፊልሙን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስቀድመው ይዩት፤ የድካማቸውም ዋጋ ይከፈላቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሰውን ማስፈራት ቀላል ነው፤ ለዚያ ጨለማና አንድ ከበሮ ይበቃል። ማንን እንደሚፈራ መምረጥ ግን በማሲንቆው ጭራ ላይ የተንጠለጠለ ፍርድ ነው። ሐሳባችሁን እንጠብቃለን፤ በተለይም ቀረርቶው ይሁን የምትሉ ተነሥታችሁ ተከራከሩን።