የሸክላ ሠሪዋ ዕውቀትና የመሐንዲሱ ሙያ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የጮቄን ተራራ በምሥራቅና በሰሜን ይዞረዋል። በተለይ በቢቸና አካባቢ መንገዱ የሚያርፈው ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ በሚለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ለመንገድ ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ ጉባኤ የሚሰወር አይደለም። የችግሩም ምንጭ በውስጡ ያለው የሸክላ ጠባይ ነው።

ሆኖም በዚሁ አገር የሸክላን ጠባይ ከመሐንዲሱ እጅግ ቀድማ ያወቀች ባለሙያ አለች። እርሷም በገበያ ቀን ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ደርድራ የምትቀመጠው ሸክላ ሠሪ ናት። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የእርሷ ዕውቀት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተናቀና እንዳይጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ ሥራዋን እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ አፈሯን መርጣ ትቆፍራለች፤ ታደርቃለች፤ ትወቅጣለች፤ ትነፋለች። ብቻውን የሆነ ሸክላ ሲደርቅ እንደሚኮማተርና እንደሚሰነጠቅ ስለምታውቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች። ውኃው መብቃቱን የምትለየው በሚዛን ሳይሆን ጭቃውን በጣቶቿ መካከል አሽታ ነው። ከቀረጸችም በኋላ ፊቱን በለስላሳ ድንጋይ ትፍቀዋለች፤ ቀስ ብሎ እንዲደርቅም ከፀሐይና ከነፋስ ትጠብቀዋለች። በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ አቃጥላ ካወጣችው በኋላ የመብሰሉ ማረጋገጫ ሲያንኳኩት የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ገዢውም ሳያንኳኳ አይገዛም። በመጨረሻ ምጣዱ በተወቀጠ ጎመንዘር ይሟሻል፤ ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍን እንጀራው አይጣበቅም።

ይህን ሁሉ የአፈር ምርመራ ቤተ ሙከራ በሌላ ስም ያውቀዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስዊድናዊው አተርበርግ ያስተዋወቀው ፈተና ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በዚህ ፈተና መሐንዲሱ እርጥቡን አፈር በመዳፉ እያንከባለለ እንደ ክር ያቀጥነዋል፤ ክሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን መፈረካከስ ከጀመረ፣ አፈሩ ሊቀረጽ የሚችልበት ዝቅተኛው የውኃ መጠን ታወቀ ይባላል። መሣሪያው እጅ ነው፤ ዳኛውም ዓይን ነው። ልዩነቱ አንዱ ውጤቱን በቁጥር ጽፎ ማስቀመጡ፣ ሌላዋ ደግሞ በልጇ እጅ ላይ ማስቀመጧ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ለዚህ ምስክር ነው። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚፈጀው ይህ መሣሪያ የዘመናዊ ቤት ዕቃ ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ማሞቂያው ሽቦ የሚቀበርበት፣ ወደ 60 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ገበታ ሸክላ ነው። ወፍራሙ ሸክላ ሙቀትን አምቆ በእኩልነት ስለሚሰጥ የእንጀራው ዓይን በየስፍራው ይወጣል። ማገዶ እንዲቆጥብ ታስቦ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃም ቢሆን በላዩ የሚጣድበት ያው የሸክላ ምጣድ ነው። እንግዲህ አዲሱ ሥልጣኔ የቆመው በተናቀችው ሴት ሥራ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መናቋ ግን እውነት ነው። ሸክላ ሠሪውና ብረት ሠሪው «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ፣ ከጋብቻና ከርስት ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ይሁን እንጂ ዐዋጅ ከልማድ ጋር ሲታገል ድሉ ዘግይቶ ይመጣል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረትም የድካሟ ፍሬ ለሌላ መሆኑን ያመለክታል።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅማል። በሰሜን ቱኒዚያ የሰጅናን ሴቶች ሸክላቸውን ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ይሠራሉ። ጥበባቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ኢትዮጵያም ቅርሱን ለመጠበቅ የወጣውን የ2003 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተቀብላለች። መዝገብ ግን ብቻውን ምጣድ አይሠራም።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ ሌላ ሥራ ብትመርጥ የሚያስወቅሳት አንዳች ነገር የለም። ቅርስ ይጠበቅ በሚል ሰበብ ልጅቱን በእናቷ ድህነት ላይ ማሰር ፍትሕ አይደለም። የሚያሳዝነው ልጅቱ ሙያውን መተዋ ሳይሆን በኀፍረት መተዋ ነው። በኀፍረት የተተወ ዕውቀት ለማንም ሳይነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

ስለዚህ ከሙያው ማኅበር ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የአፈሩ ምርጫ፣ የቅልቅሉ መጠንና የአቃጣጠሉ ሥርዓት በልኬት ተመዝግቦ፣ በፈቃዷ የባለሙያዋ ስም ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የምርመራው ውጤት በቤተ ሙከራ ሳይቀር እርሷ በምትረዳው ቋንቋ ይመለስላት፤ የምጣዱ መሰንጠቅ ቢቀንስ ጥቅሙ አስቀድሞ የእርሷ ነውና። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠሩ ሁሉ ለሸክላው ጥራት ተገቢውን ዋጋ ይክፈሉ።

ክቡራትና ክቡራን፤ አማርኛ ምጣድ የምትሠራውንም ሆነ ድልድይ የሚነድፈውን «ባለሙያ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። ቋንቋው አስቀድሞ ያስተካከላቸውን ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ገበታ ማስቀመጥ የቀረው ለዚህ ትውልድ ነው። በቢቸናና በሞጣ ገበያ ሸክላ የሚያንኳኳ እጅ ሳይጠፋ፣ ያንንም ድምፅ የምትተረጕም ሴት ሳትጠፋ ሥራው ይጀመር።