ሳልፈትን የሰጠሁት ውጤት



ስለ ጀግንነት እንድናገር ስጋበዝ ትዝ ያሉኝ የጦር አዛዥ አይደሉም፤ አረቄ ሻጭ ጎረቤቴ ናቸው።

በየካቲት 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎጃም ሲገባ በቡሬ አስተማሪ ነበርሁ። የመንግሥት ሠራዊት በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ ነበር። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ወደሆነችው ከተማ በዚያን ሰሞን የሚጓዘው ቁስለኛ ነበር።

ከጎረቤቴ ቤት ወታደርና ካድሬ ስለማይጠፋ፣ ሴትዮዋን ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ሰላምታ እንኳ እነፍጋቸው ነበር።

አንድ ሌሊት ቁስለኛ ወታደር በሬን አንኳኳ። «ስለ እመብርሃን!» ሲል ድምፁ ገና የልጅ ነበር። ለተማሪዎቼ የበላይ ዘለቀን ጀግንነት የማስተምረው እኔ ኩራዜን አጥፍቼ ዝም አልሁ። ወዲያው የእርሳቸው በር ሲከፈት ሰማሁ። ቁስሉን በአረቄ አጥበው፣ የሟች ባላቸውን ልብስ አለበሱት። በማግስቱ ታጋዮች ሲመጡም «የታመመ ልጄ ነው» ብለው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ።

ከሳምንት በኋላ አፍሬ ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አንተም እኮ የሕፃናት አባት ነህ» አሉኝ። እኔ ያለ ምስክር ፈርጄባቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን በዓይናቸው ያዩትን ጥፋቴን ማሩኝ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በዚያው አገር ጦርነት ዳግም በመነሣቱ ይህን መደበቅ አልፈለግሁም። እኛ መምህራን ሰውን መመዘን ሥራችን ነው። እኔ ጎረቤቴን ሳልፈትን ጣልኋቸው፤ ፈተናው በመጣ ሌሊት ግን የወደቅሁት እኔ ነበርሁ።